ውሃ ውስጥ ያደረው ብዕር

ሰዓት ጥገና የተማርኩት ፒያሳ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሲሆን፣ ወደዚያች ሱቅ ከሰዓቱ ጎን ለጎን አልፎ አልፎ የቀለም ብዕርም ይመጣ ነበር። አብዛኞቹ ከፕላስቲክ የተሠሩ የቻይና ብዕሮች ስለነበሩ፣ ውስጣቸው የደረቀውን ቀለም ለማስለቀቅ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ማሳደር ይበቃ ነበር። ከዚህ የተለየ ብዕር ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ ይህንኑ ሙያ ብዬ ይዤው ኖሬአለሁ።

አንድ ቀን አለቃዬ ለቅሶ ሄደው ሳለ፣ አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት በመሐረብ የተጠቀለለ ብዕር ይዘው መጡ። በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ያገለገሉት አባታቸው ትተውላቸው ያለፉት ጥቁር ብዕር ነበር። በአካሉም ሆነ በክዳኑ ላይ የሠሪው ስም የለም፤ በጎኑ ቀለም ለመሳብ የምትነሣ ቀጭን የብረት ማንሻ አለችው፤ በወርቃማው ጫፉ ላይ ደግሞ «ዋራንትድ» የሚል ቃልና 14 ቁጥር ተቀርጾበታል። ሴትዮዋ «ይሄ የፋብሪካው ስም ይሆን?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ጥቂት ካየሁ በኋላ፣ እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ «አዎ፣ እትዬ፤ የታወቀ ነው» አልኳቸው። ሱቁን ስዘጋም ብዕሩን ከነክዳኑ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነክሬው ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ያወጣሁት ብዕር ጥቁር አልነበረም። አካሉ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡኒ ሆኗል፣ ወዙም ጠፍቶ ሻካራ መስሏል። ቀለሙ የቆሸሸ መስሎኝ በጨርቅ ብፈትገው ምንም የሚለቅ ነገር አጣሁ። አለቃዬ የገቡት በዚህ መካከል ነው።

አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ብዕሩን አደራርቀው በአውራ ጣታቸው በፍጥነት ካሹት በኋላ ወደ አፍንጫዬ አስጠጉትና «ምን ይሸትሃል?» አሉኝ። ክብሪት ሲጫር የሚሸተው ዓይነት ነበር። «ድኝ ነው» አሉ፤ «ይሄ ፕላስቲክ አይደለም፣ ኢቦናይት ነው። ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ፣ ስታሸው ካምፎር (ካፉር) ይሸትህ ነበር። መጀመሪያ ማሽተት፣ ከዚያ መንካት።»

ኢቦናይት ማለት ጎማ ከብዙ ድኝ ጋር ተቀላቅሎ በሙቀት ሲበስል የሚገኝ ጠንካራ ነገር ነው። ብርሃን ለዓመታት ሲያርፍበት በላዩ ላይ ያለው ድኝ ቀስ በቀስ ስለሚለወጥ፣ ላይ ላዩን ጥቁር መስሎ ቢቆይም ውሃ ሲነካው የተደበቀው ለውጥ በአንድ ሌሊት ይገለጣል። አለቃዬ ይህን ያሳዩኝ በራሱ በብዕሩ ላይ ነው። ክዳኑ ተገጥሞ ሳለ የሚሸፍነው የአካሉ ክፍል፣ በክዳኑም ላይ ከመቆንጠጫው ሥር ያለው ቀጭን መስመር፣ እንደሌላው ሁሉ ውሃ ውስጥ ያደሩ ቢሆኑም እንደ ከሰል ጠቁረው ቀርተዋል። ብርሃን አላገኛቸውምና። ይህ እኔን ከጥፋቴ ነጻ እንደማያደርገኝ ግን ሳልነገር ገብቶኛል።

ስም የሌለውን ብዕር ዕድሜ እንዴት እንደሚገምቱም ያየሁት ያን ዕለት ነው። በማንሻ ቀለም የሚስበውን ብዕር አሜሪካዊው ሼፈር የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘበት በ1908 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመሆኑ፣ ብዕሩ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። የዚያው ሰው ኩባንያ በ1924 የሴሉሎይድ ብዕር ካወጣ በኋላ ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ኢቦናይትን እየተዉ ሄደዋል፤ ርካሽ ብዕር የሚሠሩት ግን የለመዱትን ጥሬ ዕቃ ቶሎ ስለማይለቁ፣ አለቃዬ ከዚህ በላይ ለማጥበብ አልደፈሩም። «ዋራንትድ» ያልኩት ስምም የማንም ፋብሪካ ስም አልነበረም። ጫፉ ባለ 14 ካራት፣ ማለትም 58.5 ከመቶው ወርቅ መሆኑን ማረጋገጫ የሚሰጥ ቃል ሲሆን፣ እንዲህ ዓይነቱን ጫፍ ብዙ ስም የለሽ ብዕር ሠሪዎች ከሌላ እየገዙ ይገጥሙት ነበር። ወርቁም ቢሆን ግማሽ ግራም አይሞላም።

ጥገናውን እኔው እንድሠራ አደረጉኝ። ጣት የሚያርፍበትን አንገት በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያልኩ አሙቄ፣ ሳላስገድድ እያወዛወዝኩ አወጣሁት። ውስጡ ያለው ቀለም የሚይዘው የጎማ ከረጢት እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰባብሮ ነበርና፣ ፍርፋሪውን ለቅሜ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ምትክ የሚሆነውን ከረጢት የአለቃዬ ወንድም ከሜሪላንድ ልከውልን ነበር፤ የከረጢት ቁጥር የሚሰጠው በኢንች 64ኛ ክፍል ስለሆነ፣ የተስማማን 16 ቁጥር ስፋቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያጣበቅሁት አናጢዎች ጎማላካ በሚሉት ማጣበቂያ ነው፤ ጎማላካ በሙቀት ስለሚለቅ፣ ወደፊት ብዕሩን የሚከፍት ሰው አንገቱን ሳይሰብር ያወጣዋል። አድሮ ሲደርቅ ከረጢቱን የታልክ ዱቄት ቀብቼ መለስኩት። ሞክሬ የሞላሁትም ተራ ሰማያዊ የብዕር ቀለም ነው፤ የደብተራው ጥላሸትና ሙጫ ያለበት ጥቁር ቀለም ለመቃ ብዕር እንጂ ለዚህ ቀጭን ቦይ አይሆንም፣ ይደፍነዋል።

የከረረ ክርክር የገጠመን በቡኒው ላይ ነው። እኔ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ጥቁሩን ልመልሰው ፈለግሁ። አለቃዬ ግን በክዳኑ ላይ የተቀረጹትን ሞገድ መሰል ደቃቅ መስመሮች አሳዩኝና «እነዚህን ከፋቅህ በኋላ ከየት ታመጣቸዋለህ?» አሉኝ። ጥቁር ቀለም መቀባቱንም የብዕሩን ባለቤት ማታለል ነው ብለው ከለከሉኝ።

ሴትዮዋ ሲመጡ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ውሃ ውስጥ ያሳደርኩት እኔ መሆኔን፣ የታወቀ ፋብሪካ ነው ያልኳቸውም ሳላውቅ መሆኑን ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቅያሜ ነበር፤ ይቅርታዬንም አልተቀበሉም፣ አልገፉምም። ከዚያ ክዳኑን አውልቀው ጥቁር ሆኖ የቀረውን ቀለበት በጣታቸው ዳሰሱትና «ድሮ እንዲህ ነበር ማለት ነው» አሉ።

አለቃዬ ዋጋ አልጠየቁም። ሴትዮዋ ብዕሩን መቀበላቸውን በደብተራችን ላይ ሲፈርሙ ጫፉ ወረቀቱን ጫር አደረገው። አባታቸው ለዓመታት በአንድ በኩል አዘንብለው ሲጽፉበት ጫፉ በዚያው አቅጣጫ ተበልቶ ስለነበር፣ ለሌላ ሰው እጅ አይመችም። አለቃዬ «ላለስልሰው?» ብለው ጠየቋቸው።

«ተዉት» አሉና፣ ብዕሩን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ፊርማቸውን እንደገና ጻፉ።