«ማን እንደሰጠኝ ንገሪኝ፣ ልመርቀው»

ጋሼ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። አንድ ሌሊት የጫኑት ሰው ደብድቦ ዘረፋቸው። ትከሻቸው ተሰብሮ ለወራት መሪ መጨበጥ አቃታቸው። እኔ በአንድ የማኅበረሰብ ድርጅት ውስጥ ወንጀል የደረሰባቸውን ሰዎች አግዛለሁ። ቅጽ እሞላለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ አስተረጉማለሁ። ለጋሼም የዲሲን የተጎጂዎች ካሳ ማመልከቻ ሞላሁላቸው። ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው የከተማዋ ፍርድ ቤት ሲሆን ለአንድ ጉዳይ እስከ 25,000 ዶላር ድረስ መክፈል ይችላል። ኢንሹራንስ ያልሸፈነውን ሕክምናና ከሥራ በመቅረት የታጣውን ገቢ ይመለከታል።

ክፍያው ሲፈቀድ ጋሼ ደብዳቤውን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ይሄን የሰጠኝ ማነው? ልመርቀው» አሉኝ።

«መንግሥት ነው ጋሼ።»

«መንግሥትማ ብዙ ነው። ሰውየውን ንገሪኝ።»

መልስ አልነበረኝም። ያን ሁሉ ዓመት ቅጹን ስሞላ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ከግብር ይመስለኝ ነበር።

ከግብር አይደለም። በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በወጣ ሕግ የፌደራል የወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ ተቋቋመ። ወደ ፈንዱ የሚገባው በዋናነት በፌደራል ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎችና ድርጅቶች የሚከፍሉት ቅጣት ነው። ስቴቶችና ዲሲ ከራሳቸው ገንዘብ ለከፈሉት ካሳ፣ ፈንዱ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 75ቱን ይተካላቸዋል። ሕጉ በ2021 ከመሻሻሉ በፊት የሚተካው 60 ነበር። የተደበደቡ ሴቶች መጠለያዎችና የምክር አገልግሎቶችም ከዚሁ ፈንድ ይደጎማሉ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የጋሼ ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘ። ዳኛ «ይህን ያህል ቅጣት ትከፍላለህ» ብሎ ይፈርዳል። ከዚያስ ማን ይሰበስበዋል?

አንድ ሥልጠና ላይ ይህንኑ የምትሠራ ሴት አገኘሁ። በአንድ የፌደራል ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ውስጥ ያልተከፈለ ቅጣትንና ተከሳሽ ለተጎጂው እንዲከፍል የተፈረደበትን ካሳ የሚከታተል ክፍል ሠራተኛ ናት። ችሎት አትቆምም፣ ተጎጂም ፊቷ ቀርቦ አያውቅም። ፋይል፣ የባንክ ወረቀትና ስልክ ነው ሥራዋ። በፌደራል ፍርድ ቤት በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ሁሉ፣ ከሌላው ቅጣት ሌላ፣ ጥፋተኛ ለተባለበት ለእያንዳንዱ ክስ 100 ዶላር ይከፍላል፤ ድርጅት ከሆነ 400። እስር ቤት ያሉት ከሚያገኟት አነስተኛ ደመወዝ ላይ በሦስት ወር ቢያንስ 25 ዶላር እንዲከፍሉ ዕቅድ ይወጣላቸዋል። የቅጣትና የካሳ ዕዳ ሰውየው ከእስር ከወጣ በኋላም እስከ 20 ዓመት ይከተለዋል። የግብር ተመላሽ ሲመጣለት ዕዳው ላይ ይታሰባል። ቤቱን በዘመድ ስም ያዞረም አለ፤ እሱን ፈልጎ ማግኘትም የእሷ ድርሻ ነው። አንዳንዱን ፋይል ከአሥር ዓመት በላይ ይዛዋለች።

የፍትሕ ሚኒስቴሩ የተጎጂዎች ጉዳይ ቢሮ በየዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ፣ በብሔራዊ የተጎጂዎች መብት ሳምንት፣ ሽልማት ይሰጣል። ሳምንቱ የተጀመረው በ1981 ነው፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ራሳቸው በጥይት ከተመቱ ጥቂት ቀናት በኋላ ባወጁት አዋጅ። ከሽልማቶቹ አንዱ ለተጎጂዎች የሚውል ገንዘብ እንዲገኝ የሠሩ ሰዎችን የሚያመሰግን ነው። ስለዚህ ይህችን ሴት ለሽልማቱ ልጠቁማት ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሁለት ገጽ ሞላ። «ትሑት፣ ታታሪ፣ ቅን፣ ሥራዋን አክባሪ» ብዬ ደረደርኩ። እኛ ስናመሰግን እንዲህ ነው። ለሠርግም ለጡረታ ሽኝትም ያምራል። አንዲት ጠበቃ ጓደኛዬ አነበበችውና «እሺ፣ ምን ሠራች?» አለችኝ። ደብዳቤው ውስጥ መልሱ አልነበረም።

ሁለተኛው ላይ ቁጥር አስገባሁ። ክፍሏ በዓመት ያስገባውን ጠቅላላ ገንዘብ ጽፌ «ይህን ሁሉ ለፈንዱ አስገኘች» አልኩ። እሷ ራሷ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ዳኛ ተከሳሹን ክፈል የሚለው ካሳ፣ ጋሼ ከፕሮግራሙ ካገኙት ካሳ የተለየ ነው፤ ፍርዱ ላይ ስማቸው ለሰፈረ ተጎጂዎች ይሄዳል፣ ፈንዱን አይነካውም። ወደ ፈንዱ የሚገባው ቅጣቱና ያ 100 ዶላር ነው። ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። ተከሳሹ ገንዘብ ሲከፍል መጀመሪያ 100 ዶላሩ ይወሰዳል፣ ቀጥሎ ካሳው፣ ቅጣቱ መጨረሻ። ሰውየው ትልቅ ካሳ ካለበት ፈንዱ ቅጣቱን ሳያይ ብዙ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ካሳውንና ቅጣቱን ስንለይ ለፈንዱ የገባው ቁጥር በጣም አነሰ። ከፋኝ። እሷ ግን «ትክክለኛው ይሄ ነው፣ ይሄንኑ ጻፊ» አለችኝ። ጻፍኩት። አሁን ሳስበው ጥሩው ደብዳቤ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ልፋቱ ታየኝ። ሌሎች «አይከፍልም» ብለው የተዉትን ፋይል እንዴት እንደከፈተች፣ በ25 በ25 ዶላር የተዘጋ ዕዳ ምን ያህል ክትትል እንደፈለገ ጻፍኩ።

የጋሼን ታሪክም ማስገባት ፈልጌ ነበር። በሥራዬ የሰማሁትን ያለፈቃድ ማውጣት አልችልም፣ ስለዚህ ጠየቅኋቸው። ስማቸው ሳይጠቀስ ፈቀዱ። ግን እሷ ያስከፈለችው ዶላር ጋሼ እጅ ገባ ብዬ ልምል አልችልም። ፈንዱ ውስጥ ሁሉም ይቀላቀላል። እንዲያው እንደዚያው ጻፍኩት። ለማስዋብ ብዬ ብዋሽ የምትሰርዘውም እሷ ነበረች።

ከሁሉ የጎዳኝ ዘግይቼ መጀመሬ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ጊዜ ይፈልጋሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነች አለቆቿም ማወቅ ነበረባቸው፤ እሱ ብቻ ሳምንታት ፈጀ። የመጨረሻው ደብዳቤ የደረሰኝ መዝጊያው ዋዜማ ላይ ነው።

አልተመረጠችም።

ይሄ ሽልማት ይበልጥ እንዲታወቅ የምፈልግበት ምክንያት አለኝ፤ ፈንዱ ሲሳሳ ገንዘብ የሚያስገቡለት ሰዎች ሥራ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከ2000 ጀምሮ ኮንግረስ ከፈንዱ በዓመት የሚወጣውን ገንዘብ ይገድባል። በ2018 ጣሪያው ከ4.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 1.35 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ወደ ፈንዱ የሚገባው ለዓመታት ቀንሶ ነበር። አንዱ ምክንያት ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይፈረድባቸው ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምተው የሚከፍሉት ገንዘብ ወደ ጠቅላላው ግምጃ ቤት መሄዱ ነው። የ2021ዱ ሕግ ያንን ወደ ፈንዱ መለሰው። መጠለያ ስትፈልግ ቦታ የለም የተባለች እናት ይህ ሁሉ ያገባታል።

ውጤቱን ለጋሼ ስነግራቸው ቅር አላላቸውም። «ስሟን ግን አወቅሽ አይደል?» አሉ። ነገርኳቸው። ስሟን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፣ አፋቸው እስኪለምደው። ከዚያ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ዕድሜና ጤና ይስጣት። ክፉ አይንካት። የልጅ ልጅ ያሳያት።» ጽፌ ተርጉሜ ላክሁላት።

ዘንድሮ ደብዳቤውን በኅዳር ጀምሬያለሁ። ሁለቱ የድጋፍ ደብዳቤዎች እጄ ገብተዋል። ያልተሞላ አንድ ቁጥር ቀርቷል። የግብር ተመላሽ ወቅት እስኪያልፍ ጠብቂ ብላኛለች፤ ብዙው የሚገባው ያኔ ነው።