ከቀብድ በፊት ቤቱን ማን ይይልኝ?

እኛ ከተማ ባሕር ዳር ቤት ሲሸጥ ደላላ አለ፣ ውል ጸሐፊ አለ፣ ምስክር አለ። ገዥን ወክሎ ቤቱን አገላብጦ የሚያይ ባለሙያ ግን ታፔላ ሰቅሎ አይጠብቅም። ፈልጎ ማግኘት የገዥው ፋንታ ነው።

እኔ ያየሁት ቤት አባይ ማዶ ነው። ደላላው «እህቴ፣ አዲሱ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ እዚህ ቤት ሳይውል ሳያድር ነው የሚሸጠው፤ ዛሬውኑ ቀብድ ስጪ» እያለ ያጣድፈኛል። ድልድዩ በ2016 መከፈቱ እውነት ነው። ጥድፊያው ግን የደላላ ነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ግቢው ደግሞ ጥቁር አፈር፣ ያውም በጋ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህን አፈር ያውቀዋል። ክረምት ሲርስ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። ላዩ ላይ የተቀመጠውንም ቤት አብሮ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል።

ደላላው መሐንዲስ እንደምፈልግ ሲሰማ «እኔ አለኝ» አለ። «ክፍያውን ማን ይችላል?» አልኩት። «እሱን ለኔ ተይው» አለኝ። ሰውየውንም አብሬ ተውኩት። ሽያጩ ካልተሳካ ደላላው ኮሚሽን የለውም። እሱ የሚከፍለው ሰው ስንጥቅ ቢያይ እንኳ «የልስን ነው» ማለቱ አይቀርም።

ቀጥሎ ሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ ግንበኛ ጋ ሄድኩ። «ልጄ፣ ልስኑንና ጣሪያውን ከሆነ እነግርሻለሁ። ከመሬት በታች ያለውን ግን ኢንጂነር ፈልጊ» አሉኝ። ሥራ ሲቀርብለት እንዲህ የሚል ሰው ብርቅ ነው።

ከዘመድም ከሥራ ባልደረባም ስም ሰበሰብኩ። ፖሊ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ የተማረ ሲቪል መሐንዲስ እዚህ አይጠፋም፤ ችግሩ መምረጡ ነው። ዲግሪማ ሁሉም አለው። እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው። የባለሙያ ምዝገባ ምስክር ወረቀት አለህ? ታድሷል? ጥቁር አፈር ላይ የሠራኸውን ቤት ሄጄ ልየው? ያየኸውን ጽፈህ ትፈርምበታለህ? አንዱ «መፈረም ምን ያደርጋል፣ በቃል እነግርሽ የለ?» አለ። ሌላው ገና ቤቱን ሳያይ እድሳቱን በስንት እንደሚሠራልኝ ተናገረ። እድሳት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ብልሽት አያጣም።

የመረጥኩት ልጅ ጥያቄዬን ሳልጨርስ የራሱን ጀመረ። «ፕላኑ አለ? የግንባታ ፈቃዱስ? ሰርቪስ ቤቱ አብሮ ነው የተሠራው ወይስ በኋላ?» ክፍያው ቁርጥ ነው፤ ገዛሁም ተውኩም አይለወጥም። «መብራቱን እኔ አላይም፣ ኤሌክትሪሺያን ያዢ» ሲለኝ ይበልጥ ወደድኩት።

የመጣው ሜትር፣ ባትሪ፣ መዶሻና ጂፕሰም ይዞ ነው። ቀለሙን ትቶ የበርና የመስኮት ጥግ ጥጉን ማየት ያዘ። ዋናው ቤት ላይ ያገኘው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ልስኑ ላይ ብቻ የቀረ ስንጥቅ ነው። ሰርቪሱ ጋ ስንደርስ ግን ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የወጣ አለ፤ ላዩ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ያለ። ስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቶበታል። በመዶሻው እጀታ መታ መታ ሲያደርገው ድምፁ ባዶ ነው። ስቱኮውን ፍቆ፣ ጂፕሰም በጥብጦ፣ በስንጥቁ ላይ አሻግሮ ለጠፈ። ሲደርቅ በእስክሪብቶ ቀን ጻፈበት። «ግድግዳው መንቀሳቀሱን ካላቆመ ይሄ ይሰነጠቃል» አለኝ። ባለቤቱ ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ግን አልከለከሉም።

ከዚያ በሁለቱም ቤቶች መሠረት ጎን አስቆፈረ። ለዋናው ቤት ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ ሰሌክት የሚባለው የማያብጥ አፈር ተሞልቶለታል። ሰርቪሱ ግን ድንጋይ ተደርድሮለት እዚያው ጥቁሩ አፈር ላይ ቁጭ ብሏል። አሸንዳ ስለሌለው የጣሪያው ውሃ ልክ ግርጌው ላይ ይወርዳል። አንዱ ጥግ ይርሳል፣ ሌላው ደርቆ ይቀራል፣ ግድግዳው መሐል ላይ ይቀደዳል። የሴፕቲክ ታንኩን ጉዳይ ደግሞ የጠየቀው ባለቤቱን ሳይሆን ጎረቤትን ነው፦ «ክረምት ላይ ይሞላባቸዋል?» እኔ ብሆን ይህን ለጎረቤት መጠየቅ አይመጣልኝም ነበር።

ጂፕሰሙን ስንጠብቅ ደላላው «ሌላ ገዥ መጥቷል» እያለ ይደውላል። ገዥውን ያየው የለም። ጂፕሰሙ ግን መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ።

ሪፖርቱን በፎቶ አስደግፎ ፈርሞ ሰጠኝ። ሰርቪሱ ፕላኑ ላይም እንደሌለ ጽፎበታል። ይዤው ከባለቤቱ ጋር ስንቀመጥ ብዙ አልተከራከርንም። ሰርቪሱ እንደሌለ ተቆጥሮ ዋጋው ወረደ፤ ቀብድ የሰጠሁት ከዚያ በኋላ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ በበኩሉ ቤቱ ውስጥ ኧርዝ የሚባል፣ የሾለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ እንደሌለ ነገረኝ። እሱንም ከዋጋው አስቀነስኩ።

ሰርቪሱን ለማፍረስ ስነሳ ሥራውን ለኢንጂነሩ ልሰጠው ፈልጌ ነበር። «ራሴ መርምሬ ራሴ አልሠራም፣ ሌላ ሰው ያዢ። አሸንዳውን ብቻ እንዳትረሺ» አለኝ። ሥራውን ግንበኛው ያዙት። አሸንዳው ግን ገና አልተገጠመም፤ ቆርቆሮ ሠሪው ነገ እያለ ያመላልሰኛል።