ዛሬ ኦታኮን ላይ ስዕል ስሸጥ ዋልኩ

ዲሲ ኮንቬንሽን ሴንተር ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ አብጧል ድምፄም ጠፍቷል፣ ግን በጣም ደስ ብሎኛል! ለማታውቁት ኦታኮን በፈረንጅ 1994 የተጀመረ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) አድናቂዎች ኮንቬንሽን ነው፣ ከባልቲሞር ወደ ዲሲ የመጣው በ2017 ነው፣ እና የአርቲስቶች ክፍል አለው እንደኔ ለብቻችን የምንሰራ ሰዎች ጠረጴዛ ተከራይተን የምንሸጥበት።

ሰው መጀመሪያ የሚቆመው የሚያውቀውን ካራክተር ሲያይ ነው፣ ስለዚህ ብዙዎቻችን ፋን አርት (የታወቁ ካራክተሮችን በራሳችን እጅ የሳልነውን) ነው ከፊት የምንሰቅለው፣ እኔ ግን ዘንድሮ የራሴን ስራ ነጠላ ለብሳ ጎራዴ የያዘችውን ልጅ አይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሰቀልኳት፤ ስቲከሩን ደግሞ ጠርዝ ላይ አደረግኩት፣ ብሩን የጨረሰ ተማሪም እኮ ባዶ እጁን መሄድ አይፈልግም። ዋጋ በትልቁ መፃፍ የግድ ነው፣ ብዙ ሰው መጠየቅ ያፍርና ዝም ብሎ ያልፋል።

ከሰአት ኮስፕሌይ (የካራክተር ልብስ) የለበሰች ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች፣ እናትየው ስዕሉን ትንሽ አዩትና "የኔ ልጅ ሀበሻ ነሽ እንዴ?" አሉኝ፣ የነጠላውን ጥለት ለይተውት እኮ ነው!! ልጅቷ ትልቁን ፕሪንት ገዛች፣ እሳቸው ደግሞ ለሳሎናቸው ሌላ አዘዙኝ።

ነገ እሁድ የመጨረሻው ቀን ነው፣ ትኬት ያላችሁ ብቅ በሉ፣ ትልቁ ፕሪንት ትንሽ ነው የቀረው።