እማዬን ይዤ ሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት

እማዬ ነርስ ነበረች። ልጆች እያለን ተረኛ የሆነች ቀን ሌሊቱን ቤት አትኖርም፣ ጠዋት እኛ ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ እሷ ስትገባ በር ላይ እንገናኛለን፣ እንዲህ እያለች ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ጡረታ ወጥታም እንቅልፏ አልመለስ ብሎ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነቃና ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ቁጭ ትላለች። ዘንድሮ ሰኔ ላይ በቃ አንድ ነገር ላድርግ አልኩና እንግሊዝ አገር ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው የሐይቆች ምድር፣ አልስዋተር ሐይቅ ዳር ካለ የድሮ ድንጋይ ቤት ሦስት ሌሊት ያዝኩ። ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ "እዛ ምን እንሠራለን?" ብላ ነው። ምንም አልኳት። "ምንም ላንሠራ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የምንሄደው?" አለች፣ ግን ሻንጣዋን ማታውኑ ሸክፋ አደረች።

መንገዱ አያደክምም። ከለንደን ዩስተን ፔንሪዝ ድረስ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዛ 508 ቁጥር አውቶብስ ይዛችሁ ሐይቁን ጥግ ጥጉን እየተከተላችሁ ትሄዳላችሁ። በመስኮቱ በኩል ውሃው ብቅ ይላል ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል፣ ምክንያቱም ሐይቁ ቀጥ ያለ አይደለም፣ የጥንት በረዶ ሸለቆውን እየፋቀ ሲወርድ ሁለት ቦታ ላይ አጥፎት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠማዞ ነው የተኛው፣ ስለዚህ የትም ቦታ ቆማችሁ ሙሉውን አታዩትም።

እኛ ያረፍንበት ዓይነት ካንትሪ ሀውስ ሆቴል፣ ማለትም የገጠር ትልቅ መኖሪያ ቤት የነበረ ሆቴል፣ ገብታችሁ ለማታውቁ ትንሽ ልንገራችሁ። እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ ሆቴል አልነበሩም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር ወደዚህ አካባቢ ሲገባ የማንችስተርና የሊቨርፑል ባለፋብሪካዎችና ነጋዴዎች ለበጋ ማረፊያ ብለው ሐይቅ ዳር ያሠሯቸው መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግብሩም የሠራተኛ ደሞዙም ሲከብድ እንዲህ ያለ ትልቅ ቤት ይዞ መቆየት የማይቻል ሆነና ብዙዎቹ ተሸጡ፣ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ሆነ፣ አንዳንዱም ሆቴል ሆነ። የዚህ አይነት ሆቴል የመጀመሪያው ነው እየተባለ የሚጠራው ሻሮው ቤይ ደግሞ የተከፈተው እዚሁ አልስዋተር ዳር ነው፣ ፍራንሲስ ኮልሰን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው የጀመረው። እኛ ያረፍነው እሱ ጋ አይደለም፣ ግን ያመጣው መንፈስ እኛ ባረፍንበትም አለ፣ እንግዳ ስትሆን ደንበኛ ሳይሆን ቤተ ዘመድ ቤት የመጣህ ነው የሚመስልህ። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። መግቢያው ላይ ማንም የሚያነሳው ጃንጥላና ጭቃ የነካው ቦት ጫማ ተደርድሯል። እራት ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ከእራት በኋላ ቡናው የሚመጣላችሁ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ሳሎን ነው፣ ሰኔም ሆኖ ማታ ማታ እሳት ይነዳል።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። የሐይቅ እይታ ያለው ክፍል ብዬ ነበር የያዝኩት፣ የሰጡን ክፍል ግን መስኮቱ ወደ ተራራው ነበር። እማዬ "ተይ ልጄ፣ አታስቸግሪያቸው" እያለች ወርጄ ነገርኳቸው፣ የዛን ቀን ሞልቶ ነበርና በማግስቱ ቀየሩልን። እናንተም ስትይዙ በጽሑፍ አረጋግጡ፣ የመጣችሁት ለዛ መስኮት ነው።

የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ከሻወር ስወጣ እማዬ ሁለቱንም አልጋ አንጥፋለች። አንሶላው ጥጉ ላይ እንደ ሆስፒታል አልጋ ተጣጥፎ ተወጥሯል፣ ኩባያዎቹን አጥባ ገልብጣለች፣ ፎጣዎቹን አንድ ላይ አጣጥፋ በር አጠገብ አስቀምጣለች። እማዬ የሚያጸዳ ሰው አለ እኮ ስላት "አውቃለሁ፣ እሷም ሥራ ይቀልላታል" አለችኝ። ክፍል የምታጸዳው ልጅ ስትገባ አልጋውን አየችና ሳቀች፣ ነርስ ነሽ እንዴ ብላ ጠየቀቻት። የሷም እናት ነርስ ናት። ሁለቱ በር ላይ ቆመው ምን ያህል ጊዜ እንዳወሩ አልነግራችሁም፣ እኔ ቁርሴን በልቼ ተመልሼም እዛው ነበሩ።

ከሰዓት ዝናብ መጣ። እዚህ አገር ዝናቡ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው፣ ተራራው ከላይ ጀምሮ ይጠፋል፣ ከዛ ማዶ ያለው ዛፍ፣ ከዛ ሐይቁ ራሱ፣ መጨረሻ ላይ መስኮቱ ሥር ያለው ሣር ብቻ ይቀራል። ሳሎን ገባን። ሻይ በማንቆርቆሪያ፣ ስኮን የሚባል ትኩስ ትንሽ ዳቦ፣ ክሬምና ማርማላታ ቀረበልን፣ እማዬ ስኮኑን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለኔ አዘጋጅታ ሰጠችኝ፣ የኔ ሳህን ላይ የራሴ ሁለት ስኮን እያለ። ከዛ እሳቱ አጠገብ ያለው ሶፋ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች፣ የሻይ ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ ዝናቡን ታያለች፣ እኔ መጽሐፍ ይዣለሁ ግን የማነበው እሷን ነው። ሲኒው ቀስ እያለ ማዘንበል ሲጀምር ነው የገባኝ፣ ተኝታለች። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የማታውቃቸው ሰዎች መሃል፣ ቁጭ እንዳለች። አስተናጋጁ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ዱካው ሳይሰማ መጣና ሲኒውን ከእጇ ላይ በሁለት ጣቱ አነሳው፣ ከወንበር ላይ ሹራብ አምጥቶ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገ፣ ለኔ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛች። እኔ ያቺን ሁለት ሰዓት በምንም አልለውጣትም።

ዝምታው ራሱ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ዶናልድ ካምቤል የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1955 በጀልባ በሰዓት ከ202 ማይል በላይ በርሮ የዓለም ሪከርድ የሰበረው እዚሁ ውሃ ላይ ነው፣ አሁን ግን ሐይቁ ላይ በሰዓት ከ10 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው፣ ለዛ ነው ጠዋት መስኮት ስትከፍቱ የሞተር ጩኸት የማትሰሙት። ሳሎን ያገኘናቸው አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ማንችስተር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1962 ይሄን ሐይቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ላድርገው ብላ እንደነበር አጫወቱን፣ ሎርድ በርኬት የሚባሉ ዳኛ በፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት ውስጥ ተነስተው ተከራክረው ዕቅዱን አስጣሉና ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ፣ ከሐይቁ በላይ ያለ አንድ ኮረብታ በሳቸው ስም ተጠራ። እማዬ የቱ ጋ ነው ኮረብታው አለች። ደመና ሸፍኖት ነበር። በማግስቱ ሲገለጥ መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነው።

ሁለተኛው ቀን ጠራ። በመርከብ ወጣን፣ ግሌንሪዲንግ ከምትባለው መንደር ተነስቶ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የኛዋ ሌዲ ኦፍ ዘ ሌክ ትባላለች፣ ውሃ ላይ የወረደችው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። "ከአድዋ በፊት!" አለች እማዬ፣ ጣቷን እየቆጠረች፣ አስራ ዘጠኝ አመት። ሁለቴ ሰጥማ ወጥታለች፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ተቃጥላ እስከ 1979 ቆማ ነበር፣ ከዛ እንደገና ጠግነው መለሷት። እማዬ የመርከቧን የእንጨት አጥር በእጇ እየዳበሰች ዝም አለች፣ ከዛ "እንዲህ ያሉ በሽተኞች ነበሩኝ" አለችኝ። ስለ ሥራዋ ምንም አውርታኝ አታውቅም፣ የዛን ቀን ግን ሃውታውን የሚባለውን ማቆሚያ አልፈን ፑሊ ብሪጅ እስክንደርስ ድረስ ስለ አንድ ልጅ ነገረችኝ፣ ሦስት ሌሊት አጠገቡ ቁጭ ብላ ያደረችበት ልጅ። ዳነ ወይ አልኩ። ዳነ። የኛን ቤት በር ያንኳኳው ትልቅ ሰው ሆኖ ነው አለችኝ፣ እኔ ያን ቀን የት እንደነበርኩ አላስታውስም።

ከመርከቡ ወርደን ስንመለስ ትንሽ በእግራችን ሄድን። በጎቹን ማየት አለባችሁ። ሄርድዊክ ይባላሉ፣ ሲወለዱ ጥቁር ናቸው፣ እያደጉ ፀጉራቸው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታቸው ነጭ። ተራራው ላይ አጥር የለም፣ የድንጋይ ካቡ ታች ነው የሚቀረው፣ ግን መንጋው የራሱን ቦታ ትቶ አይሄድም፣ ምክንያቱም ግልገሏ የት እንደሚጋጥ፣ ነፋስ ሲመጣ የት እንደሚጠለል ከእናቷ ጋር እየዞረች ነው የምትማረው፣ እሷም ለልጇ ታስተምራለች። አንዷ ግልገል እናቷ ሆድ ሥር ገብታ ስትጠባ ጭራዋ አያርፍም። እማዬ ካቡ ላይ ክንዷን አስደግፋ ብዙ ቆየች። እኔም አልቸኮልኩም፣ የሚጠብቀን ነገር የለማ።

ማታ ማታ ፀሐይዋ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የምትገባው፣ ከገባች በኋላም ሰማዩ ቶሎ አይጨልምም፣ ውሃው እንደ ብርጭቆ ይሆንና ማዶ ያለው ተራራ ተገልብጦ ይታይበታል። መስኮቱን ከፍተን ብርድ ልብስ ተከናንበን ሳናወራ አየን። ትናንሽ የሚናደፉ ዝንቦች አሉ፣ መብራት ካበራችሁ ይገባሉ፣ ስለዚህ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ነው፣ እሱም ደስ ይላል።

ለመሄድ ካሰባችሁ እሁድና ቅዳሜን ትታችሁ መሃል ሳምንት ያዙ፣ ይረክሳል፣ ሳሎኑም ባዶ ይሆናል። እራት ያለበትን ዋጋ ጠይቁ፣ ማታ መኪና ፍለጋ ከመውጣት ያድናችኋል። ዝናብ ይዘንባል ብላችሁ ሂዱ። ፕሮግራም አትያዙ፣ እኔ ስድስት ቦታ ጽፌ ነበር የሄድኩት፣ አንዱን ብቻ ነው ያየነው፣ ያው መርከቡን።

የመጨረሻው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የነቃሁት። እማዬ ቀድማኝ ትነቃለች ብዬ ዞር ስል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተኝታለች፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ አንድ እጇ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነው። ቁርስ ሊያልፈን ደርሶ ነበር። ወርጄ ሪሴፕሽን ላይ ላለችው ልጅ ነገርኳት፣ ትንሽ ቆይታ ቁርሱን በትሪ ይዛ ራሷ አመጣችው፣ በሩን በክርኗ ቀስ ብላ ገፋ አድርጋ፣ በሹክሹክታ።

ጥቅምት ላይ ልንመለስ ነው። ያችኑ ክፍል፣ ያንኑ መስኮት፣ በጽሑፍ አረጋግጬ ይዣለሁ። እማዬ ከአሁኑ ለሳሎኑ የሚሆን ወፍራም ካልሲ ገዝታለች፣ ለኔም አንድ።