ጉዛራን ማን ሠራው? አንድ ጥያቄ ሁለት ክረምት ሲፈጅ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራንዝ ሲቃረብ፣ ከተራራ አናት ላይ ሆኖ ጣናን ቁልቁል የሚያይ የፈረሰ ግንብ አለ። ጉዛራ ነው። እኔ ያደግሁት በዚያው መንገድ ዳር ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ «የፖርቱጋሎች ግንብ ነው» ሲባል ሰምቼ ከዚያ በላይ ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ። ታሪክ ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ አንድ ተማሪዬ «ማን ሠራው? መቼ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ረግጬ የምመልሰው አጣሁ። ለክፍሉ የሚሆን አራት ገጽ ጽሑፍ ላዘጋጅ ብዬ ተነሣሁ፤ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ግንቡን ሳልወጣ መጻፌ ነው። ከየመጽሐፉ ለቃቅሜ፣ ግንቡን አሠሩ ስለሚባሉት ንጉሥ «ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1563 ዓ.ም. ነገሡ» ብዬ አባዝቼ ለተማሪዎች አደልሁ። በሳምንቱ የአንዱ ተማሪ አያት፣ መርጌታ ናቸው፣ አስጠሩኝ። ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ ካነበቡ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ቁጥር የኛ ነው የፈረንጅ? ሠርፀ ድንግል የነገሡት በ1555 ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የአውሮፓን ቁጥር ገልብጬ ዓ.ም. ለጥፌበት ነበር። ከዚያ ወዲህ በደብተሬ ላይ ለዘመን ሁለት ዓምድ አስምሬአለሁ፤ ከአውሮፓው ቁጥር ላይ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 እየቀነስሁ እጽፋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ቢያደርግ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

መርጌታ በዚህ አላቆሙም፤ የሠርፀ ድንግልን ዜና መዋዕል አብረን እናንብብ አሉኝ። የግዕዙ ንባብ ለኔ ከባድ ነው። እሳቸው ግን አንድ ዘዴ አሳዩኝ፦ «ከረመ» የሚለውን ቃል ብቻ ተከተል። ነገሥታቱ በዚያ ዘመን በድንኳን ከተማ ከአገር አገር ይዘዋወሩ ነበር፤ ዝናብ ሲገባና ወንዝ ሲሞላ ግን አንድ ቦታ ይከርማሉ። ቃሉን ተከትዬ ስሄድ ንጉሡ እንፍራንዝ አካባቢ የከረሙባቸውን ዓመታት አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ተራራውን ስወጣው ሌላ ተራራ ሆኖ ታየኝ። ታች ሜዳው በሐምሌ ጭቃ ነው፤ እላይ ውኃ አያቁርም፣ ጣና ከፊት ተዘርግቷል፣ የሚመጣ ጦር ከሩቅ ይታያል። ክረምት ለማሳለፍ ከዚህ የተሻለ ቦታ ብመርጥ አላገኝም።

ግንቡን የለካሁት በገመድ ነው፤ በየሜትሩ ቋጠሮ እየቋጠርሁ፣ ሁለት ተማሪዎች ጫፍና ጫፉን ይዘውልኝ። ማዕዘን ላይ ያለውን ክብ ማማ ዙሪያውን ስንለካ ከሥሩ የወደቀ የግድግዳ ቁራጭ አገኘን። መዳፍ ላይ የሚያርፍ ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ በላዩ የተጣበቀ ነጭ ኖራ፣ ኖራው ውስጥ ደቃቅ ጥቁር አሸዋ። በጥፍሬ ብፍቀው አልፈርስ አለ። መልሼ አስቀመጥሁት፤ ከዚያ የሚነሣ ነገር አይገባም፣ አንድም ፍንካች ቢሆን።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ ኖራ ላይ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። በ1624 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ጀስዊት (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ማኑኤል ደ አልሜዳ፣ ኖራ በአገሩ የታወቀው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከሕንድ በመጣ ሰው አማካይነት መሆኑን ጽፏል። ሱስንዮስ የነገሡት ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. ነው። ሠርፀ ድንግል ያረፉት በ1597። እንግዲህ አልሜዳ ልክ ከሆነ፣ በኖራ የተገነባው ጉዛራ እንዴት የሠርፀ ድንግል ይሆናል? በዚህ የተነሣ ግንቡን ወደ ዐፄ ፋሲል ዘመን የሚያወርዱ ተመራማሪዎች አሉ። የአካባቢው ሰውና አብዛኞቹ መጻሕፍት ግን ሠርፀ ድንግል ይላሉ። የጎንደርን የፋሲል ግንብ መምሰሉም ነገሩን አይፈታውም፤ አባቱ ቢሆንም ይመስለዋል፣ ልጁ ቢሆንም ይመስለዋል።

የፖርቱጋሎቹን ነገር እኔ ከጽሑፌ ወደ ኋላ አድርጌዋለሁ። በ1541 እ.ኤ.አ. ከክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጋር የገቡት 400 ወታደሮች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከግራኝ አሕመድ ጋር በተደረገው ጦርነት አለቁ። የተረፉት ልጆች ወልደው በአገሩ ኖረዋል፣ ከነሱ መካከል ግንበኛ አልነበረም አልልም። ነገር ግን ያማረ ድንጋይ ባየን ቁጥር ባለሙያውን ከባሕር ማዶ የምንፈልገው ለምን እንደሆነ ሳስብ ልቤ ያዝናል። ድንጋዩን የጠረበው፣ ውኃውን ከሸለቆ ተሸክሞ ያን አቀበት የወጣው፣ ኖራውን ያቃጠለው የአገሩ ሰው ነው። ስሙን የጻፈለት የለም።

አሁን ጽሑፉ አሥራ አንድ ገጽ ሆኗል። «ማን ሠራው» በሚለው ርእስ ሥር ሁለት አንቀጽ አለ፤ አንዱ ሠርፀ ድንግል የሚሉት የሚመኩበት፣ ሁለተኛው ፋሲል የሚሉት የሚመኩበት። እኔ ወደ ሠርፀ ድንግል አደላለሁ፤ አልሜዳ ሳያየው የቀረ ኖራ ሊኖር ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም የኔ አሳብ መሆኑን ለይቼ ጽፌአለሁ። ያ ተማሪ አንብቦ ሲያበቃ «ታዲያ ፈተና ላይ ቢመጣ የቱን ልመልስ?» አለኝ። ሁለቱንም ከነምክንያቱ ጻፍ አልሁት።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ወጥቼ ያንኑ ግድግዳ ከዚያው ቦታ ፎቶ አነሣለሁ። ከመስኮቱ በላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ሥር የሰደደ ቁጥቋጦ አለ። መጀመሪያ ያነሣሁት ፎቶ ላይ ስንጥቁ ጣት አያስገባም ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት ጣቴ ገባ።