የመኪናዬን ዘይት ላብራቶሪ መላክ ከጀመርኩ ወዲህ

ዘይት በ5 ሺህ ማይል ይቀየር ወይስ በ10 ሺህ? አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኡበር የምንነዳ ሰዎች ቡና ላይ ከተገናኘን ይህ ክርክር አይቀርም። የእኔ መኪና የ2015 ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ ነው። መመሪያው ዜሮ ደብሊው 20 (0W-20) የሚባለውን ቀጭን ሲንተቲክ ዘይት ከሞላህ 10 ሺህ ማይል ወይም አንድ ዓመት ይበቃል ይላል። እዚያው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ለታክሲ ሥራ ከዋለ፣ ቆሞ የሚሠራበትና ቀስ ብሎ የሚሄድበት ጊዜ ከበዛ፣ በ5 ሺህ ቀይር ይላል። እኔ ቀን ደለስ ኤርፖርት በሃይዌይ እመላለሳለሁ። ማታ ዲሲ ውስጥ በትራፊክ እንፏቀቃለሁ። ታዲያ የትኛው ሕግ ነው የሚመለከተኝ?

ክርክሩን የፈታልኝ ራሱ ዘይቱ ነው።

ያገለገለ ዘይት መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የባቡር ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሎኮሞቲቭ ሞተር ከመሰበሩ በፊት ችግሩን ለመያዝ ይጠቀሙበት ነበር። ከዚያ ወደ ጦር አውሮፕላኖች ሄደ። ዛሬ ማንኛውም ባለመኪና በፖስታ ልኮ ማስመርመር ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣው ብናኝ በዓይን አይታይም። ዘይቱ ግን ተሸክሞት ይዞራል። ላብራቶሪው ጥቂት ጠብታ ወስዶ በኃይል በጋለ የአርጎን ጋዝ ውስጥ ያሳልፈዋል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንዲያ ሲግል የየራሱን ብርሃን ያወጣል። ብረቱ ስንት፣ መዳቡ ስንት እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ብርሃን ነው። ውጤቱ የሚጻፈው በፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ በሚለው መለኪያ ነው።

እኔ የምልከው ኢንዲያና፣ ፎርት ዌይን ከተማ ላለው ብላክስቶን ለሚባል ላብራቶሪ ነው። ባዶውን ጠርሙስ በነፃ ይልኩልሃል። የምትከፍለው ሲመረምሩልህ ነው፣ 40 ዶላር አካባቢ። የዘይቱ አሲድ የመቋቋም አቅም ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ ከፈለግህ ትንሽ ትጨምራለህ። ይህን ጭማሪ አትዝለሉት፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ናሙና አወሳሰዱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞተሩን በደንብ አሙቄ አጠፋለሁ። ከዘይት ማውረጃው ቡሎን ዙሪያ ያለውን ጭቃና አሸዋ በጨርቅ እጠርጋለሁ። ያ አሸዋ ጠርሙሱ ውስጥ ከገባ ላብራቶሪው የሞተሩን ሳይሆን የመንገዱን ውጤት ነው የሚልክልኝ። ቡሎኑ ሲፈታ መጀመሪያ የሚወርደውን እተወዋለሁ፤ ከታች የተቀመጠ አተላ ይዞ ይወጣል። መሀል ላይ ሲደርስ ጠርሙሱን አስገብቼ እሞላለሁ። ዘይቱ ትኩስ ስለሆነ ጓንት ያስፈልጋል። ከዚያ ቅጹ ላይ መኪናው የሄደውን ማይል፣ ዘይቱ የሄደውን ማይል፣ የዘይቱን ዓይነት፣ መሀል ላይ የጨመርኩት ካለ እሱንም እጽፋለሁ። ያለዚህ መረጃ ቁጥሮቹ ትርጉም የላቸውም። 20 ፒፒኤም ብረት 10 ሺህ ማይል ለሄደ ዘይት ምንም አይደለም። በ3 ሺህ ማይል ከመጣ ግን ምክንያቱን መፈለግ አለብህ።

መኪናዬን የምወስድላቸው መካኒክ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም ነበር። «አንተ ልጅ፣ ዘይቱ ከጠቆረ ቀይረው፤ ምን ያመራምራል?» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጥቆሩ ብቻውን ምንም አይናገርም እኮ» አልኳቸው። ዘይት ጥላሸትና ቆሻሻ አቅፎ መያዝ ሥራው ነው፤ የሚጠቁረውም ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ነው። በሌላ በኩል ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የገባበት ዘይት መጀመሪያ ላይ ፍጹም ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሪፖርቱ አንድ ገጽ ነው። የእኔ ውጤት በአንድ ዓምድ፣ የራሴ የቀደሙ ውጤቶች አማካይ በሌላ፣ ተመሳሳይ ሞተር ያላቸው መኪኖች አማካይ ደግሞ በሌላ ዓምድ ይሰፍራል። ብረት ሲበዛ ሲሊንደርና ካምሻፍት ይጠረጠራሉ። አሉሚኒየም ፒስቶንን፣ ክሮሚየም ፋሻን (የፒስቶኑን ቀለበት)፣ እርሳስና መዳብ ደግሞ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ብሮንዚን ያመለክታሉ። ካልሲየም፣ ዚንክና ፎስፈረስ በመቶዎችና በሺዎች ሆነው ስታዩዋቸው አትደንግጡ። እነሱን የዘይቱ ፋብሪካ ራሱ ነው የሚጨምራቸው።

የመጀመሪያው ሪፖርቴ ያማረ ነበር። ብረት 9፣ አሉሚኒየም 3፣ ሲሊከን 11። ቀጣዩም ከዚያ አልራቀም። እውነት ለመናገር፣ አንድ ውጤት ብቻውን ብዙ አይነግርህም። ጥቅሙ የታየኝ ሦስተኛው ሲመጣ ነው፤ ብረት 26፣ አሉሚኒየም 8፣ ሲሊከን 34። ዘይቱ የሄደው ማይል ከበፊቱ ጋር ተቀራራቢ ነው። መኪናው ላይ ምንም ምልክት የለም። መብራት አልበራም፣ ድምፅ አልተለወጠም፣ ነዳጅም አልጨመረም።

ሲሊከን ማለት ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። አሸዋ ሲሊከን አለበት። ሌላም ምንጭ አለው፤ ሞተር ተፈትቶ ሲገጠም የሚቀባው ማሸጊያ ሲሊከን ወደ ዘይቱ ይለቃል። መለያው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ጎኑ ያሉት ቁጥሮች ናቸው። ሲሊከን ብቻውን ከፍ ብሎ ብረቱ ካልተነቃነቀ ማሸጊያው ሊሆን ይችላል። ሲሊከን፣ ብረትና አሉሚኒየም ተያይዘው ከወጡ ግን አቧራ ገብቶ ሲሊንደሩንና ፒስቶኑን እየፈጨ ነው። የእኔ ሞተር ደግሞ ተፈትቶ አያውቅም።

የላብራቶሪው ማስታወሻም የአየር ፊልትሮውን እይ ይላል። ኮፈኑን ከፈትኩ። ሦስተኛውን ናሙና ከመላኬ በፊት፣ በችኮላ ዘይት የሚቀይር አንድ ቤት የአየር ፊልትሮዬን ቀይሮልኝ ነበር። የፊልትሮው ሳጥን ክዳን ከወደ ኋላ ያለው ክሊፕ አልተቆለፈም። ክዳኑን በጣቴ ስጫነው ከፍ ዝቅ ይላል። አነሳሁት። የፊልትሮው ጠርዝ ላይ ያለው ላስቲክ በአንድ በኩል ታጥፏል። ከፊልትሮው በኋላ ያለው፣ ንጹሕ መሆን ያለበት የሳጥኑ ክፍል ላይ፣ ከታጠፈው ላስቲክ ጀምሮ ወደ ሞተሩ የሚሄድ ቀጭን ቡናማ የአቧራ መስመር አለ። በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ ላይ ሻካራ ሆኖ ተሰማኝ። ያ ነገር ነው ሞተሬ ውስጥ ሲገባ የከረመው።

አዲስ ፊልትሮ አስገብቼ ላስቲኩን በጣቴ ዙሪያውን ዳሰስኩ። ክሊፖቹን ቆለፍኩ። ዘይቱ ቀድሞ ተቀይሮ ስለነበር የሚቀጥለውን ናሙና ጠበቅኩ። ሲሊከን ወደ 15 ወረደ፣ ብረት 12። ከዚያም በኋላ ረግቷል። ሪፖርቱን ለመካኒኬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይሄማ ሞተር አዳነ» አሉ። አሁን ደንበኞቻቸውን ራሳቸው ናቸው ላኩ የሚሉት።

ወደ 5 ሺህና 10 ሺህ ክርክር ልመለስ። ነዳጅ ሲቃጠል አሲድ ይፈጠራል። ዘይቱ ያንን የሚያከሽፍበት አቅም ቲቢኤን በሚባል ቁጥር ይለካል። ላብራቶሪው 1 እና ከዚያ በታች ሲደርስ አልቋል ይላል። የእኔ ዘይት 5 ሺህ አካባቢ ላይ 3.6 ነበር። 7,500 አካባቢ 2.3 ሆነ። 10 ሺህ ሊሞላ ሲል 1.2 ደረሰ። ስለዚህ 5 ሺህ ላይ ደህና ዘይት መድፋት ነው፤ 10 ሺህ ደግሞ ጠርዝ ላይ መቆም ነው። እኔ በ7,500 እቀይራለሁ። ይህ የእኔ መኪና፣ የእኔ መንገድና የእኔ ዘይት ቁጥር ነው። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ፣ ክረምት ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያጠፋ ሰው ሌላ ቁጥር ነው የሚያገኘው። እንዲህ ሲነዳ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይቀላቀላል፤ ዘይቱም ይቀጥናል።

አንድ ጓደኛዬ ኩላንት እየጎደለበት ከየት እንደሚፈስ ጠፍቶት ነበር። መሬት ላይ ጠብታ የለም። ዘይቱን እንዲልክ ጎተጎትኩት። ሶዲየምና ፖታሲየም አብረው ከፍ ብለው መጡ። ኩላንት ውስጥ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ በቴስታታውና (በሞተሩ የላይኛው ክፍልና) በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሽኑ፣ እያሾለከ ነበር። እርሳሱ ገና ዝቅተኛ ስለነበር ብሮንዚኖቹ አልተነኩም ማለት ነው። ጓርኒሽኑን አስቀየረ፤ ሞተሩ ተረፈለት።

ምርመራው የማያየውም ነገር አለ። መሣሪያው የሚለካው እጅግ ደቃቁን ብናኝ ነው። ብረት ተሸርፎ በትልቁ ከወደቀ ሪፖርቱ ላይ ላይታይ ይችላል። ለዚህ ብዬ የወጣውን የዘይት ፊልትሮ ቆርጬ ወረቀቱን ዘርግቼ በባትሪ አየዋለሁ። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ እዚያ ይገኛል። ካምቢዮ፣ ፍሬንና የሃይብሪድ ባትሪው ደግሞ ጭራሽ በሞተር ዘይት አይታወቁም።

አገር ቤት ያለው ወንድሜ አባዱላ ሚኒባስ ነው የሚሠራው፤ ግማሹ መንገዱ ፒስታ ነው። ጠርሙስ ወደ ኢንዲያና ላክ ልለው አልችልም። የነገርኩት የአየር ፊልትሮውን ላስቲክና ክሊፖች በየሳምንቱ እንዲዳስስ፣ የዘይት ፊልትሮውን ሳይጥል ቀዶ እንዲያይ ነው። አቧራ በሚበዛበት መንገድ ትልቁ ጠላት እሱ ነውና።

ያገለገለ መኪና ለምትገዙም ይሠራል፤ ሻጩ ከፈቀደ በቀጭን ቱቦ በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ በኩል ናሙና መሳብ ይቻላል። መጀመሪያ ግን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ከሳምንት በፊት የተቀየረ ከሆነ ሞተሩ ታምሞም ውጤቱ ንጹሕ መስሎ ሊመጣ ይችላል፤ 40 ዶላሩን ለመካኒክ ፍተሻ አውሉት።