ሰርጋችንን ሱሉልታ ወስደን ወጪውን እንዴት አቃለልነው

ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን እንደግስ ስንል ከቤተሰብ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ "እንግዳውን በምን ልታደርሱት ነው?" የሚል ነበር። ጥያቄው ልክ ነው። ሰርግ ከከተማ ሲወጣ ብር የሚበላው ጌጣጌጡ አይደለም፤ የእንግዳው መጓጓዣ፣ ምግቡና ማደሪያው ነው። እኔና እጮኛዬ ገና ቦታ ሳንፈልግ በአንድ ነገር ተስማማን፦ እንግዳውን በሚነካ ነገር አንቆጥብም። ትኩስ ምግብ፣ ጥላ ያለው መቀመጫ፣ በሰዓቱ የሚመልስ መኪና አይነኩም። ለካሜራና ለወሬ ተብሎ የሚወጣው ወጪ ሁሉ ግን ይቀነሳል። ይህን ቀድመን ስለቆረጥን በኋላ በየነገሩ አልተጨቃጨቅንም።

ሱሉልታን የመረጥነው ለመንገዱ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ዳገት ያለፈ ሰው ወዲያው ሜዳው ላይ ነው። ለአያቶቻችንም ለልጆችም አይከብድም። ቢሾፍቱና ሐይቆቹ በጣም ያምራሉ። ግን ቢሾፍቱ የሄደ እንግዳ ማደር ያምረዋል፤ አዳር ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

መጀመሪያ ያየነው አንድ ሪዞርት ነበር። ለአንድ ሰው የተነገረን ዋጋ ደህና ነበር። ፕሮፎርማው ሲመጣ ግን ከሥሩ በትንንሽ ፊደል "ታክስና ሰርቪስ ሳይጨምር" ይላል። ሰርቪሱ 10 በመቶ ነው፣ ቫቱ 15 በመቶ። ቫቱ የሚሰላው ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ነው። ስለዚህ 1,000 ብር የተባለ ምግብ 1,265 ብር ይሆናል። እንግዳው 200 ቢሆን፣ 53,000 ብር ድንገት ተጨመረ ማለት ነው። ጠጅና ቢራ ከውጭ ለማስገባትም በጠርሙስ ይከፈላል ተባልን። ዋጋ ስትጠይቁ ከሁሉ በፊት "ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?" በሉ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

በመጨረሻ ያገኘነው ሰፊ ሣር ያለው የግለሰብ ግቢ ነው። ባለቤቱ የሚያከራዩት ቦታውን ብቻ ነው። ምግብና መጠጥ የራሳችሁ፣ ዲኮር የራሳችሁ። እንዲህ ዓይነት ግቢ ስታዩ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሽንት ቤቱን እዩ። ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ውሃ ቢጠፋ ማን እንደሚሞላው ጠይቁ። መብራት ቢጠፋስ? እኛ ለድምፅ ብቻ የሚበቃ ትንሽ ጄኔሬተር ተከራየን። ሰርጉ የቀን ስለነበር ለመብራት ምንም አላወጣንም።

ቀኑን ጥቅምት ላይ ማድረጋችን ብዙ አግዞናል። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ አዳራሹም፣ ዲጄውም፣ ፎቶ አንሺውም ተይዟል። ከፋሲካ በኋላም እንደዚያው ነው። ጥቅምት ላይ ዝናቡ አቁሟል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባውም ጨርሶ አልረገፈም። ታዲያ ለዲኮር ብዙ ምን ያስፈልጋል? ድንኳኑ ውስጥ ቄጤማ ጎዘጎዝን፣ ጠረጴዛ ላይ አደይ አስቀመጥን፣ በቃ። ጥቅምትን ብዙ ሰው የሚሸሸው በጽጌ ጾም ምክንያት ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ይህ ጾም የፈቃድ ነው፤ የሚጾመውም የማይጾመውም አለ። እኛ ለሚጾሙት ደህና የጾም ገበታ ለብቻ አዘጋጀን። በየዓይነቱ ተብሎ ጥግ ላይ የተረሳ ሳይሆን፣ ሱፍ ፍትፍቱም፣ እንጉዳይ ጥብሱም ያለበት። ከሥጋው ርካሽ ነው፤ የማይጾሙትም እየተነሱ ደግመውለታል።

እናቴ ግን ብርዱን ፈራች። "ልጄ፣ በጥቅምት አንድ አጥንት ነው የሚባለው። ሰውን ሜዳ ላይ አውጥተሽ የቀዘቀዘ ቡፌ ልታበይው ነው?" አለችኝ። ቅቅሉን ያመጣችው እሷ ናት። በግቢው መግቢያ ላይ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት ተጣደ። ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ገና ወንበር ሳይዝ፣ ቃሪያ ጣል የተደረገበት የሚጤስ መረቅ በስኒ ይቀበላል። አጥንቱ የተገኘው ለሰርጉ ከታረደው በሬ ስለሆነ የተለየ ወጪ አልጠየቀም። ከሁሉ በላይ የተመሰገነውም እሱ ነው።

ኬተሪንግ አልያዝንም። አንዲት የታወቁ ወጥ ሠሪ ቀጠርን፣ የሰፈር እናቶች አገዙን፣ እንጀራው ታዘዘ። ቅቤውን እናቴ በዐቢይ ጾም ወቅት፣ ፈላጊው ሲቀንስ ገዝታ አንጥራ አስቀምጣ ነበር። በርበሬውም ቀደም ብሎ ተዘጋጅቷል። ሰርጉ ሲደርስ ገበያ የወጣነው ለትኩስ ነገር ብቻ ነው።

ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሳህኑና ድስቱ የእድር ነው። የእድር ዕቃ የሰፈር ሰው ገንዘብ ነውና ከሰፈር ውጭ እንዲሁ አይወጣም። አባቴ የእድሩን ዳኛ ሄዶ አነጋገረ። ዕቃው በንብረት ያዡ ፊት ተቆጥሮ ወጣ፣ ቅዳሜ በአይሱዙ ተጫነ፣ ሰኞ ተቆጥሮ ገባ። የተሰበረውን ሳህን ከፍለናል። ከኪራይ ቤት ብንወስደው ኖሮ የምናወጣውን ሳስብ፣ ወላጆቼ ዓመቱን ሙሉ የሚከፍሉት መዋጮ ዋጋው ያኔ ነው የታየኝ።

ጠጁ እቤት ተጣለ። ማርና ጌሾ ተገዝቶ በጊዜ ከተጣለ ጠጅን የሚያህል የሰርግ መጠጥ የለም። መንገዱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠጅ በጀሪካን ሲጫን ክዳኑ ጥርቅም ተደርጎ አይዘጋም፤ ገና እየፈላ ስለሆነ ጋዙ ያነፋዋል። እስከ አፉም አይሞላም። ቢራና ለስላሳውን ከአከፋፋይ ወሰድን፤ ስምምነቱ ያልተከፈተ ሳጥን ተመላሽ እንዲሆን ነበር። ይህን ሳትስማሙ አትግዙ።

አሁን ወደ መኪናው። በሥራ ቀን ሠራተኛ የሚያመላልሱ ሰርቪስ አውቶቡሶች ብዙዎቹ እሁድ ይቆማሉ። ባለንብረቶቹ ቆሞ ከሚውል ቢሠራ ይመርጣሉ፤ ዋጋ ላይም ይነጋገራሉ። ስትዋዋሉ ግን ሁሉንም አንሱ። ነዳጁ በማን ነው? ሹፌሩ እዚያው ይጠብቃል ወይስ ሄዶ ይመለሳል? ሰዓት ቢያልፍ ስንት ይጨመራል? እኛ ግማሹን ቀብድ ከፈልን፤ የቀረው እንግዳው ወደ ከተማ ሲመለስ እንዲከፈል ተስማማን። ለሹፌሮቹም እንደማንኛውም እንግዳ ገበታ ተዘጋጀላቸው፤ መጠጥ ግን ለስላሳና ውሃ ብቻ።

መነሻው መገናኛ፣ ሜክሲኮና አዲሱ ገበያ ነበር። በየአውቶቡሱ አንድ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ስም ዝርዝር ይዞ ተመደበ። ይህ ዝርዝር ሳናስበው ሌላ ጥቅም ሰጠን። "ትመጣለህ?" ሲባል ሁሉም "እንዴት እቀራለሁ!" ይላል። "ከየት ነው የምትሳፈረው?" ሲባል ግን የማይመጣው ሰው ይታወቃል። ለወጥ ሠሪዋ የሰጠናት ቁጥር ከጥሪ ካርዱ ሳይሆን ከወንበሩ ዝርዝር የተወሰደ ነው፤ ምግብ አልጎደለም፣ የተጣለም የለም ማለት ይቻላል። ካርድ ያሳተምነው ለትልልቅ ሰዎች ብቻ ነው፤ እነሱን በእጅ መጥራት ወግ ነው። ለሌላው ቴሌግራም በቃው።

ግብዣው 5 ሰዓት ላይ ተጀመረ። የመጀመሪያው አውቶቡስ 10 ሰዓት ላይ አዛውንቶችንና ልጅ የያዙትን ይዞ ተመለሰ። የመጨረሻው 11 ተኩል ላይ፣ ብርዱ ሳይጠነክርና ሳይጨልም ወጣ። ማንም አላደረም።

ቬሎ አልለበስኩም። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ጥለቱን ራሴ መርጬ የሐበሻ ቀሚስ አሠራሁ፤ ካባ ተከራየን። ሚዜዎቻችን ያላቸውን የሐበሻ ልብስ ለበሱ። ሊሞዚን የለም፣ ፎቶ ለመነሳት ከፓርክ ፓርክ መዞር የለም፤ ሜዳውና የእንጦጦ ጀርባ እዚያው ናቸው። ቪዲዮውን ተውነው፣ ጥሩ ፎቶ አንሺ ግን ያዝን።

መልሱ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። የባለቤቴ ወገኖች እንደ ሁለተኛ ሰርግ እንዲደገስ ፈልገው ነበር። አባቴ ሽማግሌዎቹን ራሱ አነጋግሮ፣ በወላጆቼ ቤት የሁለቱ ቤተሰብ ብቻ የሚገናኝበት ራት እንዲሆን ተስማሙ። ዶሮ ወጡን እናቴ ሠራች፣ ከሰርጉ የተረፈው ጠጅ ቀረበ። ያልተከፈተውን ቢራ ግን ለመልሱ አላስቀረነውም፤ ሳጥኑ ሰኞ ዕለት ለአከፋፋዩ ተመለሰ፣ እኛም ብራችንን ተቀበልን።